ስለ ጂንካ ከተማ ግድግዳና ስለ ጠማቂዎቹ ሥዕል

ሰው ቤቱን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ግድግዳውን ባዶ አድርጎ ሊተወው አይወድም። ጥቂት ጊዜና ጥቂት ቀለም ባገኘ ጊዜ የሚወደውን፣ የሚያከብረውን፣ ወይም ከልጆቹ አሳብ እንዳይጠፋ የሚመኘውን ነገር ይሥልበታል። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የቅዱሳን ገድል የተሣለው ፊደል ያልቈጠረው ሕዝብ የመጽሐፉን ቃል በዓይኑ እንዲያነበው ነው። ከነዚያም ሥዕሎች አንዱ የቃና ዘገሊላ ሰርግ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 2 ስለ ስድስት የድንጋይ ጋኖች ይናገራል፤ የኢትዮጵያ ሠዓሊ ግን ቀለሙን በጥብጦ ሥራውን በጀመረ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሣለው እናቱ ጠላ የጠነሰሰችበትን የሸክላ ጋን ነው። አሳላፊው ሲቀዳ ይታያል፤ ታዳሚውም ሲጠጣ ይታያል፤ ጋኑን ከጭቃ ያወጣችው ሴት ግን በሥዕሉ ውስጥ ቦታ አላገኘችም።

ከዚህ ዘመን እጅግ አስቀድሞ በምስር አገር በሳቃራ በሚገኘው ቲ በተባለው ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ ዳቦ ሲጋገርና ጠላ ሲጠመቅ ከነሥርዓቱ ተቀርጾ ነበር። ዕድሜውም ከ4,000 ዓመት በላይ ነው። ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት የጥንቱ የምስር ሰው መጠጡን በምን አኳኋን ያዘጋጅ እንደ ነበር ለማወቅ ሲፈልጉ ከሚመለከቷቸው ምስክሮች አንዱ ይኸው ግድግዳ ነው። በኛም ዘመን በኤውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የቢራ ከተሞች የድሮ በርሜላቸውንና ሠራተኞቻቸውን በአደባባይ ግድግዳ ላይ እያሣሉ ለመንገደኛ ማሳየት ልማድ አድርገውታል። ነገሩ ለመጠጥ ክብር መስጠት ይመስላል፤ በውነቱ ግን በብዙ ስፍራ ከተማው እንጀራውን ያገኘበትን ድካም መዘከር ነው።

በአገራችንም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ሲዳረስ፣ አጥር ፈርሶ አጥር ሲሠራ፣ የመንገድ ዳር ግድግዳም ቀለም ሲቀባ ታይቶአል። ግድግዳ ከተገኘ ምን ይሣልበት የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ለጂንካ ከተማ ይህ ጥያቄ ከሌላው ከተማ ይልቅ የከበደ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ አገር ግድግዳ መሣልን ከማንም ያልተማሩ፣ ከጥንት የራሳቸው ያደረጉት ሴቶች ስለሚገኙ ነው።

ጂንካ በአሪ ሕዝብ ምድር የተቈረቈረች ከተማ ናት። በቀድሞው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ሳለች የባኮ ጋዘር ስም ከስሟ ጋር አብሮ ይነሣ ነበር፤ ከዚያም የደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ ሁና ኖረች፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመ ወዲህ የዚሁ ክልል ከተማ ናት። ለብዙ ዘመን አውሮፕላን ያርፍባት የነበረው ሣር የለበሰ ሜዳ በከተማው መካከል ሲሆን፣ አውሮፕላኑ በሌለበት ሰዓት ከብት ይግጥበት ነበር። ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ የጀርመኑ የማይንጽ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ኢቮ ሽትሬከር ብዙ የደከሙበት የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ይገኛል። ቅዳሜ ሲሆን ከደጋውም ከቈላውም የሚመጣው ሰው ገበያዋን ይሞላታል። እንሰት፣ በቈሎ፣ ማሽላ፣ ቡና፣ ማር፣ ሸክላ በዚያ ይገናኛል።

የአሪ ሴቶች ቤታቸው በጭቃ ከተመረገ በኋላ ግድግዳውን በአፈር ቀለም ያስጌጡታል። ነጩን፣ ቀዩን፣ ጥቁሩን ከምድርና ከከሰል አዘጋጅተው በጣታቸው ይሥላሉ። መሥመር በመሥመር ላይ፣ ክብ በክብ ውስጥ፣ ነጠብጣብ፣ ቅጠል የሚመስል ቅርጽ፤ እጅ እንደ መራው፣ ዓይን እንደ ፈቀደው ይሄዳል። ይህ ሥዕል ፊርማ የለውም። ዝናም ሲያጥበው፣ ልጆች ሲደገፉት፣ ጭቃው ሲሰነጠቅ ይጠፋል፤ ሴቲቱም ግድግዳውን እንደገና መርጋ እንደገና ትሥለዋለች። የዛሬው ካምናው አንድ አይሆንም። የብራና ሠዓሊ ሥራው ለሺህ ዓመት እንዲኖር ይመኛል፤ የአሪ ሴት ግን ሥራዋ እንደሚጠፋ እያወቀች ትሥላለች። ከሁለቱ የማን ትዕግሥት ይበልጣል ብሎ መከራከር ይቻላል።

አሁን ግን የሚያጠፋው ዝናም ብቻ አይደለም። ጭቃው በብሎኬት፣ ሣሩ በቈርቈሮ በተለወጠ ጊዜ የጣት ሥዕል የሚያርፍበት ገላ ይጠፋል። ባላገሩ የተሻለ ቤት መመኘቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ እሳትና ምስጥ የማይደፍረውን ቤት ማን ይጠላል? ነገር ግን የቤቱ ግድግዳ ሲለወጥ ሥዕሉ የሚሸጋገርበት ሌላ ግድግዳ ካላገኘ፣ እናት ለልጅዋ የምታስተምርበት ገበታ አይኖራትም። እንግዲህ የከተማው ግድግዳ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

በዚያ ግድግዳ ላይ ምን ይሣል ቢባል፣ የጠመቃ ታሪክ ከሁሉ በፊት የሚገባው ነው። የደቡቡን አገር መጠጥ በጠላና በጠጅ ብቻ የሚያውቀው የሰሜን ሰው ቦርዴን ንቆ ሊያልፈው ይችላል፤ ሥራውን ቢያይ ግን አይንቀውም። የበቈሎው ወይም የማሽላው ዱቄት በውሃ ተለውሶ ሁለት ሦስት ቀን ይብላላል። ከዚያ ከፊሉ በምጣድ ተቈልቶ እንኩሮ ይሆናል፤ እንኩሮው ከብቅል ዱቄት ጋር ተደባልቆ እንደገና ይቀመጣል። ቀጥሎ ሌላው ክፍል እንደ ገንፎ በስሎ ይጨመርበታል፤ ብቅልና ውሃም ይደገምለታል፤ አድሮ ይጣራል። ጌሾ የሚባል ነገር አይገባበትም። ወፍራም፣ ገና እየፈላ ያለ፣ ጣፋጭና ኰምጣጣ የሆነ መጠጥ ነው። ካደረ ይኰመጥጣልና ገና እየፈላ ሳለ ያልቃል፤ ለነጋዴ ጐተራ አይመችም። ለቅዳሜ ገበያ የሚደርሰው ቦርዴ ገና ማክሰኞ ወይም ረቡዕ መጀመር አለበት። በነዚያ ቀኖች ሁሉ ጠማቂዋ ሌሊት ተነሥታ ጋኑን በእጅዋ ትዳስሰዋለች፤ ሙቀቱን የሚነግራት መሣሪያ እጅዋ ነው።

በተለይም መታወቅ ያለበት ይህ መጠጥ ለብዙ ሰው ምግብ መሆኑ ነው። ስካሩ ጥቂት ነው፤ እህሉ ብዙ ነው። ቀኑን ሙሉ የቈፈረ ሠራተኛ አንድ ትልቅ ቅል ቦርዴ ጠጥቶ እስከ ማታ ይውላል። ደቦ ሲጠራ ጠሪው አስቀድሞ የሚያስበው የማረሻውን ቍጥር አይደለም፤ የጋኑን ነው። ወደ ቈላው ሲወረድም ሐመሮች ጎልማሳው ከብት የሚዘልበት ቀን ሲደርስ የማሽላ መጠጥ በብዛት ሳይጠመቅ በዓሉ በዓል አይሆንም፤ በምሥራቅ በኩል ባለችው በኮንሶም ጨቃ የታወቀ ነው። በዚህ ምድር እህል ከእርሻ ወደ ሰው ከሚደርስበት መንገድ አንዱ ጋን ነው።

ጠጅና ጠላ ሌላ ታሪክ አላቸው። በዓፄ ምኒልክ ዘመን ሠራዊቱ ወደዚያ አገር ከዘለቀ በኋላ ከሰሜን የመጣው ወታደርና ነጋዴ የለመደውን የጌሾ መጠጥ አጠማመቅ ይዞ ገባ። የአገሩ ገባር እህሉንና ማሩን ለመልከኛው ሲያቀርብ፣ በሹሙ ግብር ላይ የሚፈሰው ጠጅ ከገባሩ ቀፎ የወጣ ነበር። ይህንን በግድግዳ ላይ መሣል ለአንዳንድ ሰው ደስ አይል ይሆናል። ሆኖም የጠመቃ ታሪክ ይሣል ተብሎ የማሩ መንገድ ቢዘለል፣ ሥዕሉ የሆቴል ጌጥ ሁኖ ይቀራል።

አረቄም አለ። ከጂንካ በቅርብ ርቀት ባሉት የአሪ መንደሮች ውስጥ ሴቶች ድፍድፉን በሸክላ ድስት አግለው፣ እንፋሎቱን በቧንቧ አሳልፈው፣ ቀዝቃዛ ውሃ በከበበው ዕቃ ጠብ ጠብ እያለ ሲያጠራቅሙት ጎብኚ ይመለከታል። የሥራው ብልሃት የሚደነቅ ነው። ከዚህ ድስት የልጁን ደብተር የገዛች እናት ብዙ ናት፤ ከዚሁ ድስት የተነሣ ቤቱ የፈረሰበትም አባወራ አይታጣም። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሠዓሊውም ሁለቱን ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። በአደባባይ መጠጥ መሣል ወጣቱን ወደ መጠጥ ቤት መጥራት አይደለምን? ይህን የሚሉት ሰዎች አሳባቸው በከንቱ የሚጣል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 1112 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር የከለከለው ይህንኑ በመፍራት ነው። ነገር ግን ልዩነቱን ማየት ያስፈልጋል። በየከተማው የሚገኘው መጠጥ ቤት ግንቡ የአንድ ፋብሪካ ቀለም ተቀብቶ፣ የፋብሪካው ምልክት ተለጥፎበት ይታያል፤ ያ ግድግዳ የሚናገረው «ግዛ» ብሎ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1922 ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ወዲህ የፋብሪካ ቢራ ታሪኩን የሚጽፍለት፣ ምልክቱን የሚሥልለት አላጣም። ቦርዴ ግን ምልክት የለውም፤ ማስታወቂያም ተሠርቶለት አያውቅም። ሴት ዱቄት ስትለውስ፣ ብቅል ስታሰጣ፣ ጋን ስታጥን የሚያሳይ ሥዕል የሚጠራው ሰው ካለ ወደ ሥራ ነው እንጂ ወደ ስካር አይደለም። ጠጪው በሥዕሉ ባይኖር እንኳ ሥዕሉ አይጐድልም።

ሊጐድል የማይገባው ሌላ ሰው ነው።

በአሪ ሕዝብ ዘንድ ገበሬው ካንጻ ሲባል የእጅ ሥራ የያዙት ማና ይባላሉ። ከማናዎች ወገን ሸክላ የሚሠሩት አሉ፤ ብረት የሚቀጠቅጡትም አሉ። በጥንቱ ልማድ ገበሬው ከማና ጋር አይጋባም፤ በአንድ ማዕድም አብሮ አይቀርብም ነበር። የሸክላው ሥራ የሴቶች ነው። ልጅቱ ከእናትዋ አጠገብ ተቀምጣ ጭቃውን ትለምደዋለች፤ የሚሽከረከር መሣሪያ የለም፤ ጋኑ የሚነሣው በሁለት እጅና በጣት ነው፤ ከደረቀ በኋላ በሜዳ እሳት ይተኰሳል። በዚያ አገር ለብዙ ዓመታት ጥናት ያደረጉት ጃፓናዊት ተመራማሪ ሞሪዬ ካኔኮ እንደ ጻፉት፣ ገዢዎች የሸክላውን መልካምነት ከሠሪዋ እጅ ጋር አገናኝተው ይናገራሉ፤ አንዱ ሸክላ የማን እጅ እንደ ሆነ የሚለዩ አሉ። ፊርማ ባይኖረውም እጁ ይታወቃል ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሎ ላየው ሰው የሚያስደንቅ ነው። እጅዋ የታወቀላት ሴት፣ በሠራችው ጋን የተጠመቀው መጠጥ በየሰርጉና በየደቦው ሲጠጣ እሷ ከጠጪዎቹ ጋር አትቀመጥም ነበር። ጋኗ ወደ ጓዳ ይገባል፤ እሷ ከደጅ ትመለሳለች። ይህ የአሪ ብቻ ነውር አይደለም። በሰሜኑም አገር ሸክላ ሠሪና ብረት ሠሪ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖሮአል፤ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በዚሁ ምክንያት ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሁኖታል። ስድቡ ግን ዛሬም በአንዳንድ አፍ ላይ ይገኛል።

የጂንካ ግድግዳ የጠመቃን ታሪክ ይዘክር ከተባለ ሥዕሉ መጀመር ያለበት ከጠማቂዋ በፊት፣ ከጭቃው ጉድጓድ ነው። ጭቃ ቈፋሪዋ፣ ጋን ሠሪዋ፣ ጋኑን በጀርባዋ አዝላ ወደ ገበያ የምትወርደው ሴት ትሣል። አሁን በሽያጭ ላይ ያለው ቢጫ ጀሪካን የጋኑን ቦታ እየቀማ ነው፤ ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ዋጋውም የሚቻል ነው። ጀሪካን ያሸነፈ ዕለት ግን ማናዋ ሴት ከገበያው ትወጣለች፤ መናቋ ግን ከሥራዋ ጋር አብሮ መሄዱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ሥራዋ ሳይጠፋ በአደባባይ መታየቷ የጌጥ ጉዳይ ብቻ ሁኖ የሚቈጠር አይደለም። የገበሬው ልጅና የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በአንድ መንገድ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ የአንደኛዋን እናት ሥራ በከተማው ግድግዳ ላይ ሁለቱም ያዩታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ማን ይሣለው የሚለው ነው። የተለመደው አሠራር አንድ ሠዓሊ ከሌላ ከተማ አስመጥቶ በዘይት ቀለም ማሣል ነው። በዚህ አኳኋን የሚሠራው ሥዕል ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ይታወቃል፤ የሙርሲዋ ሴት ከከንፈር ገሏ ጋር፣ የሐመሯ ሴት ከነጠጕሯ፣ የካሮው ሰው ከነነጭ ቀለሙ። ጎብኚው ከአገሩ ሳይነሣ በፖስት ካርድ ያየው ነው። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቶአል፤ የሸለቆው ስም የተከበረው ከምድሩ በወጣው የጥንት ሰው አፅም ሳለ፣ ሕያው ነዋሪው ግን ለፎቶግራፍ ብቻ የተፈጠረ ይመስል መሣሉ ቢበቃው መልካም ነበር።

ግድግዳው ለአሪ ሴቶች ቢሰጥ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የጋን ቅርጽ ከሚሠሩት እጆች ይልቅ ጋንን የሚያውቅ እጅ የለም፤ የጭቃ ግድግዳን ከሚሥሉት ጣቶች ይልቅ ለዚያ አገር አፈር የሚስማማ ብሩሽ የለም። ምሳሌውም ሩቅ አይደለም። በሀላባ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በሥዕል ያጌጡትን ቤቶች ሳያይ አያልፍም። በቡርኪና ፋሶ አገር በቲዬቤሌ የሚገኘው የካሴና ሕዝብ የንጉሥ ግቢ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ፣ ከክብሩ ዋናው የጭቃው ግድግዳ ጌጥ ነበር፤ ያንን ጌጥ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ቀለሙም ከምድር የሚገኝ ነው። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ የንዴቤሌ ሴቶችን የቤት ግድግዳ ሥዕል የተማረችው አስቴር ማህላንጉ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1991 ቢ ኤም ደብሊው የተባለውን አውቶሞቢል በዚያው ጌጥ ሥላ ስሟን ለዓለም አሰማች። ከእናቷና ከአያቷ የተማረችውን ነው የሣለችው።

የሥራው ችግር አይካድም። የአፈር ቀለም በሲሚንቶ ግንብ ላይ አይቈይም፤ ፀሐይና ዝናም ፈጥኖ ያነሣዋል። መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም። ለሥዕሉ የተመደበው ግንብ በላዩ ሰፋ ያለ የጣራ ክፈፍ ቢኖረውና ፊቱ በጭቃ ቢመረግ ይበቃል። በየዓመቱም እንደገና ይሣል። ሥዕሉ በየዓመቱ መታደሱ ጉድለት መስሎ ለሚታየው ሹም፣ በየዓመቱ ለሠዓሊዎቹ ሴቶች የቀን ዋጋ የሚከፈልበት ሥራ ተገኘ ማለት መሆኑን ማስረዳት ያሻል። ዋጋውም ከሌላ ከተማ ለሚመጣው ሠዓሊ ከሚሰጠው ያነሰ መሆን የለበትም። ሴት ስለሆነች፣ ማና ስለሆነች፣ ያለ ፊርማ ስለሣለች ዋጋዋ የሚቀነስ ከሆነ፣ ግድግዳው ቃና ዘገሊላን እንደ ሣለው ሠዓሊ ጋኑን አሳይቶ ሠሪዋን ይደብቃል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምክር ያስፈልጋል። ከአሪ በቀር በከተማው ውስጥ ሌሎችም ሕዝቦች አሉ፤ የነሱም ጠማቂዎች ቃል ይሰማ። በኮረብታው ያለው ሙዚየም ለዚህ ዐይነት ጉባኤ የሚመች ቦታ ነው፤ የጂንካ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም የአሮጊቶቹን ቃል በጽሕፈት ቢይዙት ጥሩ ነው፤ ካለፉ በኋላ የሚጠየቅ የለምና። በጉባኤውም ሸክላ ሠሪዎቹ ከደጅ ሳይሆን ከወንበር ይቀመጡ። ቀጠሮው ግን ቅዳሜ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው፤ ቅዳሜ ጋኑም፣ ቦርዴውም፣ ሴቶቹም ገበያ ናቸው።